እስኪመሽ ጠብቂው

ብልቃጧ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። የአክስቴ ልጅ ከጅዳ በሰው እጅ ላከችልኝ፤ በካልሲ ጠቅልላ፣ ካልሲውን ደግሞ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ወሽቃ። ክዳኗን አዙሬ ሳነሣው፣ ከክዳኑ ጋር የተያያዘች ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ወርቅማ ዘይት እያንጠባጠበች ወጣች። አልኮል የለበትም። ዐረቦች ዒጥር ይሉታል፤ መርካቶ ያለ ነጋዴ የዘይት ሽቶ ይለዋል። የጣይፍ ጽጌረዳና ዑድ የተዋሐዱበት ነው። ዕቃው በደረሰኝ ቀን በኢሞ የድምፅ መልእክት ተከተለው፦ «እህት ዓለም፣ ተቀብተሽ ወዲያው እንዳትፈርጂበት። እስኪመሽ ጠብቂው።»

አልጠበቅኩም። አንጓዬ ላይ አንድ ጠብታ አሳርፌ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የሸተተኝ በረት ነው። ጽጌረዳ ስጠብቅ ላም፣ እርጥብ ገለባ፣ ያረጀ ቆዳ መጣብኝ። ሄጄ በሳሙና ታጠብኩት። ማታ ልብሴን ሳወልቅ ግን የሸሚዜ እጅጌ ጫፍ ላይ ሳላውቀው የነካች ጥቂት ዘይት ኖራ፣ ከዚያች ቦታ ሌላ ነገር መጣ፤ ለስለስ ያለ፣ ጣፋጭ እንጨት የሚመስል፣ ማር የነካው ጽጌረዳ ከኋላው ያለበት። እጅጌውን ይዤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ጠዋት ያስጠላኝና ማታ ያስቀመጠኝ ከአንዲት ብልቃጥ፣ ከአንዲት ጠብታ የወጡ ናቸው። አንድ ነገር ናቸው? አንድ ከሆኑስ «ይህ ሽቶ እንዲህ ይሸታል» ስንል የምንናገረው ስለ የትኛው ሰዓቱ ነው?

ለአክስቴ ልጅ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ዓርብ ዕረፍቴ ነው» አለችኝ፤ «እኔም እዚህ እቀባለሁ፣ አንቺም እዚያ ተቀቢ። አብረን እንጠብቀው።»

ሐምሌ ነበር። ጅዳ ላይ በዚያ ወቅት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። እኔ አዲስ አበባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ሹራብ ደርቤ የክረምቱን ዝናብ እያዳመጥኩ ነው። የሁለታችን ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠራችን ብቻ ይለያያል። የእርሷ ስልክ ሰባት ሲል ለእኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ሆነ። እኩል አንዳንድ ጠብታ አሳረፍን።

«ምን ሸተተሽ?» አልኳት።

ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀች። «የእማማ በረት!» አለች። «ጥጆቹ የሚታሰሩበት ጥግ።»

እኔ በሳሙና ያጠብኩትን እርሷ ዐይኗን ጨፍና ታሸተዋለች። ከወሎ ገጠር ከወጣች ስምንት ዓመቷ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ እብነ በረድና በረኪና በሚሸት ቤት ውስጥ ስትኖር፣ በረት የሸተታት ከሽቶ ብልቃጥ ነው።

የዑድ ነገር እንዲህ ነው። ዑድ የሚገኝበት ዛፍ ጤነኛ ሳለ እንጨቱ ነጣ ያለ፣ ይህ ነው የሚባል መዓዛ የሌለው ተራ እንጨት ነው። ሲቆስልና በቁስሉ ሻጋታ ሲገባበት ዛፉ ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ እንጨቱ በሙጫው ይጠቁራል፣ ይከብዳል። ዑድ የምንለው ያንን የቆሰለ ልብ ነው። ዘይቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚሰጠው ጠረን ብዙ ጊዜ የበረትና የቆዳ ነው፤ በተለይ የሕንዱ ዑድ በዚህ ይታወቃል። ዐዋቂዎቹ ይህን እንደ እንከን አያዩትም፤ እንደ በር ነው የሚያዩት። በበሩ ያላለፈ ቤቱን አያይም።

ብልቃጥ ውስጥ ያለው አንድ ፈሳሽ ይምሰል እንጂ ጉባኤ ነው። የጽጌረዳ ዘይት ብቻውን ከ300 በላይ ንጥረ ነገሮች አሉት። ጉባኤ ሲበተን ደግሞ ሁሉም አብሮ አይነሣም፤ ቀላሉ ቀድሞ ይሄዳል፣ ከባዱ ይዘገያል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭን ጠረን የሚሰጠው ሊሞኒን 10 የካርቦን አተሞች ያሉት ቀላል ሞለኪውል ነው። ብርቱካን ስንልጥ ክፍሉን ሁሉ ሞልቶ፣ ጣታችን ላይ ግን ብዙ የማይቆየው ለዚህ ነው። ከጥሪኝ እጢ የሚወጣው የዝባድ ዋና ጠረን የሆነው ሲቬቶን ባለ 17 ካርቦን ነው፤ ልብስ ላይ ካረፈ ለቀናት አይለቅም። የእጃችን ገጽ ሙቀት 32 ወይም 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ሊሞኒን ደግሞ የሚፈላው በ176 ዲግሪ። ሳይፈላ እንዴት ይሄዳል ቢባል፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይፈላ እንደሚደርቀው ነው። ከገጹ ላይ አንድ አንድ እያለ ይነሣል።

በአልኮል የተቀመመውን ሽቶ ስንነፋው፣ አልኮሉ ራሱ በ78 ዲግሪ የሚፈላ ችኩል በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ጠረኖች እያጣደፈ ብን ይላል። ዘይት እንዲያ አይደለም። ተሸካሚው ዘይት አይተንም ማለት ይቻላል፤ ቆዳ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ከወዛችን ጋር ይቀላቀላል፣ የያዘውን መዓዛም እየቆጠረ ይለቅቃል። በሕንድ አገር ካናውጅ በምትባል ከተማ ዛሬም በድሮው መንገድ የሚሠሩ አሉ፤ የመዳብ ጋን ውስጥ አበባና ውኃ ይጥዱና እንፋሎቱን በቀርከሃ ቧንቧ ወደ ሌላ ዕቃ ይመሩታል። በዚያኛው ዕቃ ውስጥ የሚጠብቀው የሰንደል ዘይት ነው። አበባው መጥቶ በሰንደሉ ውስጥ ያድራል። የደረቀ የሸክላ አፈር ሳይቀር እንዲሁ ያነጥራሉ፤ የሚወጣው የመጀመሪያው ዝናብ መሬት ሲነካ የሚነሣው ጠረን ነው። ሰንደሉ ሁሉንም የሚቀበለው ከባድ ዘይት ስለሆነ ነው፤ ስብም እንዲሁ መዓዛ ይይዛል። ይህንን እናቶቻችንም ያውቁታል። ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር ሲያሹ፣ በጢስ የታጠነ ቅል ውስጥ ሲያስቀምጡ፣ ቅጠሉና ጢሱ ቅቤው ውስጥ ገብተው እንደሚኖሩ፣ ራስ ላይ ሲቀልጥ ደግሞ ቀስ በቀስ እንደሚወጡ በእጃቸው ያውቁታል። የፈረንሳይ ግራስ ከተማ ሰዎች የጃስሚን አበባ በቀዘቀዘ ስብ ላይ እየደረደሩ መዓዛውን ሲያስመጥጡ የሠሩት ከዚህ ብዙም የራቀ አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ላይ ደወለች።

«በረቱ ሄደብኝ» አለች።

እኔ ጋ ገና እየሄደ ነበር፤ ከቅዝቃዜው የተነሣ የእኔ ጠብታ ከእርሷ ኋላ ቀርቷል። የገረመኝ ግን ቃሏ ነው። እኔ ብሆን «ሄደልኝ» ነበር የምለው። አንዱ ሞለኪውል ከሁለት አንጓዎች ላይ ተነሥቶ ሲሄድ፣ ለአንዷ ሄደላት፣ ለአንዷ ሄደባት። ቋንቋችን የመሄድን ነገር ብቻውን አይተወውም፤ የማን ጥቅም፣ የማን ጉዳት እንደሆነ በአንዲት ፊደል ይለጥፍበታል። ኬሚስትሪው ውስጥ ይህች ፊደል የለችም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ያሰብኩት ስለዚህ መሄድ ነው። አፍንጫዬ የደረሰው ከገላዬ የተለየው ነው። አንጓዬ ላይ ተጣብቆ የቀረው፣ እዚያ እስካለ ድረስ፣ አይሸተኝም። ጨርሶ የማይነሣ ነገር ጨርሶ አይሸትም፤ ብርጭቆው አይሸትም፣ ድንጊያው ንጹሕ ከሆነ አይሸትም። ዐይን የቆመውን ያያል፣ እጅ ያለውን ይዳስሳል፤ አፍንጫ ግን የሚያውቀው የሚሄደውን ብቻ ነው። «ይህ ሽቶ ይቆያል» ብለን ስናመሰግን አለመሄዱን የምናመሰግን ይመስለናል። ባይሄድ ኖሮ መኖሩንም አናውቅም ነበር። የምናመሰግነው አካሄዱን ነው። የሚቆየው ሽቶ ዝግ ብሎ የሚሄደው ነው፤ ከዚያ ሌላ መቆየት በጠረን ዓለም ውስጥ የለም።

ይህንን ስረዳ በመጀመሪያው ማታ የያዝኩት ጥያቄ መልኩ ተቀየረብኝ። የሽቶው እውነተኛ ጠረን የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅ፣ አንድ የቆመ ነገር እንዳለና ሌላው ሁሉ ሽፋን እንደሆነ አድርጌ ነበር። የመጀመሪያው ሽፋን፣ የመጨረሻው እውነት፤ ቀንበጥ ልጠን ልቡን እንደምናወጣው። አሁን ግን ሽፋንም ልብም አላይም። በመጨረሻ የቀረው ከባዱ ጠረን ጠዋትም ነበረ፤ ከሌሎቹ ድምፅ በታች ነበረ እንጂ። የመጀመሪያው ሲሄድም ለኋለኛው መንገድ ለቀቀ እንጂ አልዋሸንም።

ሽቶ ቀማሚዎች ሂደቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ራስ፣ ልብ፣ መሠረት ይሉታል። በኖታ መናገርም ልማዳቸው ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሴፕቲመስ ፒየስ የተባለ ቀማሚ ሽታዎችን በሙዚቃ መስመር ላይ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ ደርድሯቸው ነበር። አማርኛ ለዚህ ከሙዚቃ መበደር አያስፈልገውም። ቃና የምንለው ቃል የጠጅም ነው፣ የወጥም፣ የዜማም፣ የንግግርም። ምላስ፣ አፍንጫና ጆሮ በአንድ ቃል የሚገናኙበት ቋንቋ ይዘን፣ ስለ ሽቶ ስንናገር ግን «ይሸታል» እና «አይሸትም» ላይ መቅረታችን ያሳዝነኛል። ቃና ስል ደግሞ ቃና ዘገሊላ ትዝ ይለኛል፤ የስሞቹ መመሳሰል አጋጣሚ ነው፣ የሰርጉ መልካም ወይን ግን መጨረሻ ላይ ነው የመጣው።

ሦስቱን ክፍሎች ሳስብ አቦል፣ ቶናና በረካ ወደ አእምሮዬ ይመጣሉ፤ ለማንኛችንም ሳይመጡ አይቀሩም። ግን ምሳሌው ብዙ አያራምድም። ቡና ላይ በአቦልና በቶና መካከል ጀበናው ተመልሶ ይጣዳል፣ ውኃ ይጨመራል፣ ስኒው ይለቀለቃል፤ ድንበር አለ። ገላ ላይ ድንበር የለም። በረቱ የሄደበትን ደቂቃ፣ ጽጌረዳው የገባበትን ደቂቃ ማንም አይቶ አያውቅም። አምስት ሰዓት ላይ አንጓዬን ሳነሣ ጽጌረዳ ሆኖ አገኘሁት፤ የጠዋቱ በረት ለቆት ሞቅ ያለ፣ ማርማ፣ ትንሽ ቅመም ያለበት። መቼ እንደ ሆነ አላውቅም። የልጅ ቁመት እንደሚጨምረው ነው፤ እየተከታተሉት አይታይም፣ ዞር ብለው ሲመለሱ ሆኖ ይገኛል።

ሰዎች ሽቶ ሲመርጡ «ከደሜ ጋር አልተስማማም» ይላሉ። ደሙ አይደለም፤ ወዙ ነው። ቆዳችን ወዝ አለው፤ ቆዳው ውስጥ ካሉ እጢዎች የሚወጣ ስስ ቅባት፣ ላብ፣ ትንሽ ኮምጣጣነት። ወዛም ገላ ሽቶውን ይይዛል፤ የደረቀ ገላ ቶሎ ያጣዋል። ትኩስ ገላ ያጣድፈዋል። ሽቶው ከሰው ሰው ይለወጣል ሲባል ግን ነገሩ የሚጋነንበት ጊዜ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጽጌረዳው ወደ ሎሚ አይዞርም። የሚለያየው በዋናነት ፍጥነቱና የሚገናኘው ጠረን ነው። እያንዳንዳችን ከሳሙናችን፣ ከምንበላው፣ ከምንሠራው ሥራ፣ ከተወለድንበት ገላ የመጣ የራሳችን ጠረን አለን፤ ሽቶው ባዶ ቤት አይገባም። እኔ ወዝ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። የገላ ቅባት ነው፣ የፊት ድምቀት ነው፣ ልፋትም ነው፤ በላቡና በወዙ የሚያድረውን ሰው ወዛደር ያልነው ከዚሁ ነው። የአክስቴ ልጅ ወዛደር ናት። ጅዳ ላይ ያ ዘይት የሚያርፈው በምድጃ አጠገብ በዋለ፣ ሰሐን በሚያጥብ፣ ብረት በሚተኩስ እጅ ላይ ነው። ሽቶውን ከሱቅ የገዛችው ቢሆንም ማታ የሚኖረውን ጠረን የምትሠራው ራሷ ናት።

የአርስጣጣሊስ ደቀ መዝሙር የነበረው ቴዎፍራስጦስ፣ ከዛሬ 2,300 ዓመት ገደማ በፊት ስለ ሽታዎች በጻፈው ድርሰት፣ ሽቶ ከእጅ አንጓ ላይ ሲሸት ለምን ይበልጥ እንደሚጣፍጥ ጠይቋል። ጥያቄው ውስጥ ያለው እምነት ይገርመኛል፤ ብልቃጡ ገና ሽቶ አይደለም፣ ሽቶ የሚሆነው ሰው ላይ ነው የሚል። በሌላ በኩል የኦሪት ዘፀአት የቅብዐት ዘይት አለ። 500 ሰቅል ከርቤ፣ 250 ሰቅል ቀረፋ፣ ሌሎችም ቅመሞች በወይራ ዘይት ተዋሕደው ይሠራል፤ ድንኳኑና ዕቃዎቹ፣ ካህናቱም ይቀቡበታል፤ በተራ ሰው ገላ ላይ ግን እንዳይፈስ ተከልክሏል። የክልከላው ምክንያት ቅድስናው ነው፤ ያንን አልነካም። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሳደርጋቸው አንድ ነገር ይታየኛል። ገላ የነካው ሽቶ የዚያ ሰው ይሆናል። ለሁሉ አንድ ሆኖ መኖር ያለበት መዓዛ ከሰው ወዝ መራቅ አለበት። ዘይቱን የሚከለክለውም ሆነ ዘይቱን በአንጓው የሚፈልገው ያወቁት እውነት አንድ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጎረቤቴ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ገና ከበሩ «ውይ፣ ምንድን ነው ቤቱን ያወደው?» አለች። እኔ ምንም አይሸተኝም ነበር። እጄን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ ባሸትም የለም። ጠፋ ብዬ ሌላ ጠብታ ልጨምር ብልቃጡን አንሥቼ ነበር። አፍንጫ ሳይቋረጥ የሚመጣለትን ነገር ከጥቂት ጊዜ በኋላ መቁጠር ይተዋል፤ አዲስ ለሚመጣው ቦታ ያዘጋጃል። ስለዚህ ሽቶ ለባለቤቱ ከጠፋ በኋላ ለሌላው ብዙ ሰዓት ይኖራል። በሊፍትና በታክሲ ውስጥ ሰው የሚያፍነው ሽቶ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ስሕተት ልጅ ነው፤ ሰውዬው ለራሱ የጠፋው ለሁሉም የጠፋ መስሎት ደርቦ ደርቦ የተቀባው። ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። የገዛ ገላዬ መዓዛ እንዴት እንዳለ የምሰማው ወንፊት ልትዋስ ከመጣች ሴት ነው። ብልቃጡን ከደንኩት። ወደ በረንዳው ወጥቼ የዝናቡን አየር ስቤ ስመለስ፣ ጽጌረዳው በሩ ላይ ጠበቀኝ።

ስለ ዝባድ ልናገር፤ ያለ ዝባድ ይህ ጉዳይ ለእኛ ሙሉ አይሆንም። ጥሪኝ በደቡብ ምዕራብ አገራችን ጫካ የሚኖር፣ ሌሊት የሚንቀሳቀስ እንስሳ ነው። ከእናርያ፣ ከከፋ፣ ከጅማ አካባቢ ወንዱ ጥሪኝ እየተያዘ በእንጨት ቆጥ ውስጥ ይታሰራል፤ ከጅራቱ ሥር ካለው እጢ በየጥቂት ቀኑ ዝባዱ ይጠረጋል። በበሬ ቀንድ ታሽጎ ከዚያ ደጋ በነጋዴ ቅፍለት ወደ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ወደ ካይሮና ወደ አውሮፓ ሲወርድ ኖሯል። ትኩስ ዝባድ የቀረበበት ሰው ወደ ኋላ ይላል፤ ውስጡ ስካቶል አለ፣ የዓይነ ምድርን ሽታ የሚሰጠው ያው ስካቶል። እንዲህ ያለውን ነገር ማን አሽትቶ ሽቶ ይሆናል አለ? መልሱ መቅጠኑ ላይ ነው። ዝባዱ በብዙ ዘይት ወይም አልኮል ሲሳሳ፣ ገላ ላይ ሲውል ሲያድር፣ ያ የሚያባርር ሽታ ይከፈትና ሞቃት፣ አበባ አበባ የሚል፣ የሰው ገላን የመሰለ ጠረን ይሆናል። አብሮት ያለውንም ሁሉ ይይዛል፤ ቀላሎቹ ቶሎ እንዳይበኑ ይጎትታቸዋል። በጃስሚን አበባ ውስጥም ኢንዶል የሚባል የስካቶል ዘመድ አለ፤ ሲበዛ የብስባሽ፣ ሲያንስ የአበባው ነፍስ። አንዱ ነገር በመጠኑ ብቻ ስም ይለውጣል። አስቀያሚውን ከውቡ የሚለየው ግድግዳ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ከዝባድ የተሻለ መምህር አላውቅም።

ሌዎፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የሲቬቶንን ቅርጽ ሲፈታ፣ 17 የካርቦን አተሞች እጅ ለእጅ የተያያዙበት ትልቅ ቀለበት ሆኖ አገኘው። የዚያን ዘመን ሊቃውንት እንዲህ ያለ ሰፊ ቀለበት ተፈጥሮ ውስጥ ጸንቶ ሊቆም አይችልም ይሉ ነበር። በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬ ሽቶ ቀማሚዎች በዝባድ ፋንታ በአብዛኛው የሚጠቀሙት በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። የጥሪኙን ኑሮ አውቃለሁ፤ ዞሮ የማይተኛበት ጠባብ ቆጥ ውስጥ ዕድሜውን የሚጨርስ እንስሳ ነው። ሽቶው ገላ ላይ ስለሚያሳየው ውበት እየጻፍኩ ያንን እንስሳ ዘልዬው ብሄድ፣ ጽሑፌ ውስጥ አንድ የማይሸት ውሸት ይቀራል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ደወልኩላት። ከጓደኞቿ ጋር ወጥታ ነበር። የእርሷ ጽጌረዳ ካለፈ ቆይቷል፤ እንጨቱ ብቻ ቀርቶ፣ «እሱም ሊሄድ ነው» አለችኝ። የእኔው ገና ጽጌረዳውን አልለቀቀም። ጠዋት እኩል የጀመርን ሁለት ሰዎች፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ሽቶ ሁለት ዕድሜዎች ላይ ቆመናል። የማን ነው ትክክለኛው? ሽቶውን የቀመመው ሰው ለሞቃት አገር ቀምሞታል ቢባል፣ የእርሷ ነው። ብርዱ ግን ለእኔ ያልተጣደፈ ጽጌረዳ ሰጥቶኛል፤ ቀማሚው ራሱ በዚህ ፍጥነት አይቶት የማያውቀው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ቀማሚው የቀመመው ጠረን አይደለም ማለት ነው። የመሄጃ ቅደም ተከተል ነው የቀመመው፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ፣ ማን መጨረሻ በሩን ዘግቶ እንደሚወጣ። ፍጥነቱን ለእኛ ለገላችንና ለአገራችን ተወው።

ሁለት አንጓ ማፋተግ ብዙዎቻችን ያለን ልማድ ነው፤ እኔም ሳላስበው አደርገዋለሁ። ሞለኪውሉን ይሰብረዋል የሚሉ አሉ፤ አይሰብረውም። ያሞቀዋል፣ ያጣድፈዋል፤ ቀድሞ የሚሄደው ሳይታይ እንዲሄድ ያደርገዋል። በሱቅ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጥድፊያ አለ። አንዱን ነክተን፣ ሌላውን ነክተን፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንገዛለን፤ የገዛነው የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ነው፣ አብረነው የምንኖረው ግን ከዚያ በኋላ ያለውን። መርካቶ ውስጥ አንድ አረጋዊ ሽቶ ሻጭ ገንዘብ ላወጣ ስል እጄን አየት አድርገው «ልጄ፣ ዛሬ ሂጂ፤ ነገ ከወደድሽው ነይ» ብለውኝ ያውቃሉ። በነጋታው ተመልሼ ሌላ ገዛሁ። የከሰሩ መስሎኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ የምመለሰው ግን ወደ እርሳቸው ሱቅ ነው።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጬ ስልኩ ጠራ።

«የኔ አለቀ» አለች። ድምፅዋ የደከመ ነው፤ ነገ ሥራ አለባት። «የአንቺስ?»

«አለ።»

«አሁንም?»

«አለ።»

ትንሽ ዝም ተባባልን። «ንገሪኝ እስቲ» አለች። «አሁን ምን ምን ይላል?»

ስልኩን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩና የቀኝ አንጓዬን አፍንጫዬ ላይ አደረግኩ። «እንጨት» አልኳት።

«የምን እንጨት?»

ደግሜ አሸተትኩ። «የቆየ። ፀሐይ የገባበት። ጽጌረዳው ከኋላው አለ፣ በጣም ከሩቅ።»

«በረቱስ?»

ዐይኔን ጨፈንኩ። በመጀመሪያው ቀን በሳሙና ያጠብኩትን፣ አፍንጫዬን ያዞርኩበትን ነገር ፈለግኩት። ከእንጨቱ ሥር፣ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው፣ የላም ትንፋሽ ሙቀት የመሰለ ነገር ነበረ።

«ትንሽ አለ» አልኳት።

«ቆይ» አለች። በር ስትዘጋ፣ አልጋው ላይ ቁጭ ስትል ሰማሁ። «አሁን ቀጥዪ።»